በሄሊዮፖሊስ አልነሣ ያለችው መኪና

በግብፅ ያሉትን ቅዱሳት መካናት ለመሳለም የምትወጡ አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች፣ ከካይሮ አውሮፕላን ጣቢያ ስትወጡ መጀመሪያ የምትደርሱበት ሰፈር ሄሊዮፖሊስ ነው። አብዛኞቻችን ልባችን ወደ ደብረ ቁስቋምና ወደ ገዳመ አስቄጥስ ስለሚቸኩል ሰፈሩን በመኪና መስኮት አይተን እናልፈዋለን። እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ አልፌዋለሁ። በሦስተኛው ጉዞዬ ግን አንዲት አሮጌ መኪና አልነሣ ብላ ከማለዳ እስከ ቀትር ስላቆየችኝ በግድ ቆሜ አየሁት። የገዳማችን መኪና በቆመች ቁጥር ወደ በኣቴ የሚመጡ ረድኦችም በቃል የምነግራቸውን በጽሑፍ እንዳኖርላቸው ደጋግመው ጠይቀውኛልና፣ ሁለቱን ነገር አንድ አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሄሊዮፖሊስ በጽርእ ቋንቋ የፀሐይ ከተማ ማለት ነው። በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍ ሚስት የአስናት አባት ጶጥፌራ በክህነት ያገለግልባት የነበረችው ኦን ይህችው ከተማ ናት። ጥንታዊቱ ከተማ ዛሬ ማታሪያና ዓይን ሸምስ በሚባሉት ሰፈሮች ሥር ተቀብራለች፤ ከእርሷ ቆሞ የሚታየው ዋናው ነገር ቀዳማዊ ሰኑስሬት የተባለው ንጉሥ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ20ኛው መቶ ዓመት ያቆመው ከ20 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ቀይ የድንጋይ ሐውልት ነው። የአክሱምን ሐውልት የሚያውቅ ሰው ቁመቱ አያስደንቀውም፤ ዕድሜው ግን ያስደንቀዋል።

ዛሬ ሄሊዮፖሊስ የሚባለው ሰፈር ግን ከዚያ ፈንጠር ብሎ የተሠራ አዲስ ነው። ግብፃውያን መስር ኤልጌዲዳ፣ ማለት አዲሲቱ ምስር ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በምድረ በዳ ላይ ያሠራው ኤድዋርድ ኤምፔን የተባለ የቤልጅግ ባለጠጋ ነበር። ለራሱ የሠራው ቤተ መንግሥት የህንድን ቤተ ጣዖት መልክ የያዘ የሲሚንቶ ሕንፃ ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን ባዶውን ቆሞ የሌሊት ወፍ ማደሪያ ከሆነ በኋላ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2020 ለጎብኚዎች ተከፍቷል። ባለቤቱ ራሱ ግን ያረፈው በዚያው ሰፈር ባሠራው የካቶሊካውያን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰፈሩን ከካይሮ ጋር ያገናኘ የነበረው የኤሌክትሪክ ባቡር በቅርብ ዓመታት ሐዲዱ ተነቅሎ መንገዱ ሰፍቷል፤ በመንገዱ ዳር የነበሩ ብዙ ዛፎችም ተቆርጠዋል። ያስተናገዱን ሽማግሌ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ሰው ሞት አድርገው ነገሩኝ። ሰፈሩ በሚሠራበት በዚያው ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብታ ዳግማዊ ምኒልክ እንደ ተቀመጡባት ስነግራቸው ደግሞ ደስ አላቸው፤ «እንግዲያስ የእናንተ መኪናና የእኛ ሰፈር እኩዮች ናቸው» አሉ።

እነዚህ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በሃይማኖታቸውም ግብጻዊ ኦርቶዶክሳዊ ናቸው። ወደ ቤታቸው ያመጣችን፣ ካይሮ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረችና በእርሳቸው ቤት ለዓመታት ያገለገለች አንዲት የአገራችን ልጅ ናት፤ አስተርጓሚያችንም እርሷ ነበረች። ሦስተኛዋ ተጓዥ ዓይናቸው የደከመ፣ በበትር የሚሄዱ አንዲት እማሆይ ነበሩ። እማሆይ ከአገራቸው የወጡት አንዲት ነገር ስለው ነው፤ ይኸውም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደቷ ጊዜ ያረፈችባትን የማታሪያን ዛፍ ግንቦት 24 ቀን፣ ጌታ ወደ ግብፅ የገባበት በዓል በሚታሰብበት ዕለት፣ በእጃቸው ለመዳሰስ ነበር።

መሐንዲሱ ማምሻውን «ነገ እኔ ራሴ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ» አሉን። መኪናዪቱ ናስር 1100 የምትባል ናት። ናስር እ.ኤ.አ. በ1960 በሄልዋን የተቋቋመ የግብፅ የመኪና ፋብሪካ ሲሆን፣ የጣሊያኑን ፊያት 1100 በፈቃድ ይገጣጥም ነበር። የእኛ የቀድሞ ሰዎች በአዲስ አበባና በአሥመራ መንገድ ላይ የሚያውቋት ፊያት እኅት ናት። ነጭ ቀለሟ ወደ ቅቤ መልክ ዞሯል እንጂ ገላዋ አልተበላሸም።

በማግሥቱ ከኪዳን በኋላ ወደ ግቢው ስንወርድ እርሳቸው ቀድመውን ቁልፉን እያዞሩ ነበር። ሞተሩ በኃይል ይዞራል፣ ግን አይነሣም። አንድ፣ ሁለት፣ ዐሥር ጊዜ ሞከሩ። የሕንፃው ዘበኛ፣ እነርሱ በዋብ የሚሉት፣ መጥቶ ራሱን ነቀነቀ። እኔ «ታክሲ በደጃፉ ያልፋል፤ ለምን እንቸገራለን?» አልሁ። እማሆይ ግን በበትራቸው እግሬን ነካ አድርገው «ተዉ አባ፤ ሰውዬው ራሱ ሊወስደን ተነሥቷል» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ልጆቻቸው በባሕር ማዶ ሆነው መኪናዋን እንዲያስወግዱ ይጎተጉቷቸው ኖሯል። በየሰፈሩ «ሮባ ቤክያ!» እያለ የሚዞር አሮጌ ዕቃ ገዢ አለ፤ የእኛው ቆራሌው ማለት ነው፤ ስሙ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜውም አሮጌ ዕቃ ነው። በዚያች ቀን ካልተነሣች በቅዳሜው በብረት ዋጋ ለእርሱ ሊሰጧት ለልጃቸው ቃል ገብተው ነበር።

ስለ እኔ አንዲት ነገር መናገር አለብኝ። በረድእነቴ ዘመን አባቶች የወፍጮውን ሞተር፣ በኋላም የገዳሙን አሮጌ ላንድሮቨር እንድጠብቅ አዝዘውኝ ነበር። ከትርጓሜ መምህሬ ዘንድ የቀረሁባቸው ቀኖች ሁሉ በዚያ ምክንያት ናቸው። አንድ ዓመት ላንድሮቨሩ ቁልፍ ሲዞርለት «ጠቅ» ብቻ እያለ ቀረ። እኔም ሳልመረምር «ባትሪው ሞቷል» ብዬ ለማኅበሩ ተናገርሁ። የዓመቱ የማር ሽያጭ ገንዘብ ወጥቶ ከከተማ አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ አዲሱም «ጠቅ» አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ከባትሪው ወደ መኪናው አካል የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የታሰረበት ቦታ ዝጎ አገኘሁት። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ ሳስረው መኪናው በአሮጌው ባትሪ ተነሣ። አበ ምኔቱ አልተቆጡኝም፤ የሒሳብ መዝገቡን አስመጥተው ከባትሪው ዋጋ አጠገብ «ያላስፈለገ» የሚል ቃል በገዛ እጄ አስጻፉኝ። መዝገቡ እስከ ዛሬ በዕቃ ቤት አለ።

ስለዚህ የመሐንዲሱን መኪና ኮፈኖ ሲከፍቱልኝና አዲስ፣ ገና ተለጣፊ ወረቀቱ ያልተነሣለት ባትሪ ሳይ ልቤ ደነገጠ። ትናንት ገዝተውት ኖሯል። አሮጌውስ ሞተሩን ያዞረው ነበር? ብዬ አስጠየቅሁ። «ያዞረው ነበር» አሉ። እንግዲያስ የተገዛው ያለ ምክንያት ነው። ሞተር የሚያዞረው ባትሪና ሞተሪኖ ነው፤ ሞተር የሚያስነሣው ግን ቤንዚን፣ አየርና በሰዓቱ የሚወጣ የእሳት ብልጭታ ነው። ከዞረ በኋላ የማይነሣ መኪና ላይ ባትሪ መቀየር፣ ራሱን ላመመው ሰው እግሩን እንደ ማጠብ ነው። ቁልፉ ሲዞር ድምፅ ከሌለ ወይም «ጠቅ» ብቻ ካለ በባትሪው፣ በሽቦዎቹ ማሰሪያና በሞተሪኖው ፈልጉ፤ በኃይል እየዞረ ካልተነሣ እነዚያን ተዉአቸውና ወደ ቤንዚንና ወደ ብልጭታ እለፉ። ረድኦች ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትለዩት ይህን ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አሳቀን። መሐንዲሱ «ኤልማርሽ ደህና ነው» ይላሉ። እኔ ማርሽ ስሰማ ገብቼ የማርሹን ዘንግ አወዛወዝሁ፤ ገለልተኛ ቦታ ላይ ነው። እርሳቸው ደግሞ ደጋግመው «ማርሽ! ማርሽ!» እያሉ ወደ ሞተሩ ሥር ይጠቁማሉ። በካይሮ ማርሽ የሚባለው እኛ ሞተሪኖ የምንለው ኖሯል። እኛ ካንዴላ የምንለውን ቡጂ ይሉታል፤ ፑንቲናን አብላቲን፣ ኮፈኖን ካቡት ይሉታል። እኛ ከጣሊያን፣ እነርሱ ብዙውን ከፈረንሳይ ተቀብለውታል። የተስማማንበት ቃል ቦቢና ብቻ ነው፤ እርሱን ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስንጠራው እንደ ወንድማማች ተያየን። ሌላም መጠሪያ አስቸግሮኝ ነበር፤ እኔን «አቡና» እያሉ ይጠሩኛል። በእኛ ዘንድ ይህ ስም የጳጳስ ነውና በመጀመሪያው ቀን ዘወር ብዬ ማንን እንደሚጠሩ ፈልጌ ነበር። በእነርሱ ዘንድ ግን ቄስም መነኩሴም አቡና ይባላል።

ትርጓሜ የተማረ ሰው አንድን ንባብ ሲፈታ «አንድም» እያለ እንደሚያወርድ ታውቃላችሁ። መምህሬ አንዱ አንድም ሳይጸና ወደ ሁለተኛው የዘለለውን ተማሪ ወደ መጀመሪያው ይመልሱት ነበር። ሞተርም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል። ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው መኪናው ቢነሣለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወርም እንደ ገና ሁለቱን ይገዛል።

አስቀድሜ ባለቤቱን ጠየቅሁ፤ በሽተኛን ያልጠየቀ ሐኪም የለምና። መቼ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣችው? በጥምቀት። ከዚያ ወዲህስ? አልተነካችም። ስትቆም ምን ትል ነበር? ምንም፤ ደህና ነበረች። እንግዲህ መኪናዪቱ ከአራት ወር በላይ፣ ያውም በካይሮ ሙቀት፣ ቆማለች። ሲቆም የሚበላሽ ነገር እንጂ ሲሮጥ የሚሰበር ነገር አልነበረም የምንፈልገው። ቤንዚን ይተናል፣ ያረጃል፤ የብረት ገጽ ያድፋል።

የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሥቼ የካርቡራቶሩን ጉሮሮ በባትሪ መብራት ተመለከትሁ፤ በእጄም የቤንዚን መስጫውን ዘንግ ጫን አደረግሁ። ደህና በሆነ ካርቡራቶር ዘንጉ በተጫነ ቁጥር ከትንሽ ቀዳዳ የቤንዚን ፍንጥቅታ ይታያል። አልታየም፤ ጉሮሮው እንደ ሐምሌ ጾም ደረቅ ነው። (ሐምሌ ላይ ጾም አለ ወይ የምትሉኝ፣ የጾመ ሐዋርያትን መጨረሻ አስቡ።) ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ገንዳ በአራቱ ወር ደርቃለች። ከፓምፑ የሚመጣውን ቱቦ ነቅለን በጠርሙስ ውስጥ አድርገን ሞተሩን ስናዞር ጥቂት ቢጫ ነገር መጣ፤ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቫርኒሽ ነበር። በዋቡ ሄዶ በጀሪካን አዲስ ቤንዚን አመጣ። አሮጌውን ከታንከሩ አስወጥተን አዲሱን ጨመርን፤ እኔም «ማጣሪያውን ደግሞ እናጽዳ» አልሁ። በጥላው ሥር በወንበር የተቀመጡት እማሆይ ይህን ሰምተው «ወደ ማጣሪያ መሄጃችን ደረሰ?» ብለው በትራቸውን አነሡ። ማታሪያ ያልሁ መስሏቸው ነው። አይ፣ ገና ነው እማሆይ፤ ይህ የቤንዚኑ ማጣሪያ ነው።

ሞተሩን ስናዞር አሁን በጠርሙሱ ውስጥ ቤንዚኑ ቱፍ ቱፍ እያለ ወጣ። ቱቦውን መለስን፤ በጉሮሮው ውስጥም ፍንጥቅታው ታየ። እኔ በልቤ አለቀ ብዬ እጄን ጠረግሁ። መሐንዲሱ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ዞረ፤ አልተነሣም።

በዚህ ቦታ ብዙ ሰው ያገኘውን ስሕተት ይጠራጠራል፤ ካርቡራቶሩን ይፈታል፣ ፓምፑን ይለውጣል። ነገር ግን ያየነው እውነት ነበር፤ ቤንዚን አልነበረም፣ አሁን አለ። አንድ ሕመም መገኘቱ ሁለተኛ ሕመም የለም አያሰኝም። ወደ ብልጭታው አለፍን።

ከዚህ በፊት ግን የቤንዚኑን ጠርሙስ፣ ጀሪካኑንና የረጠበውን ጨርቅ ሁሉ ከግቢው ወዲያ ማዶ አስወሰድሁ፤ እማሆይንም ራቅ አድርገን አስቀመጥናቸው። ትነቱ እስኪጠፋም ጥቂት ቆየን። ቤንዚን በፈሰሰበት ቦታ የብልጭታ ፈተና ያደረገ ሰው መኪናውን ብቻ አይደለም የሚያጣው።

አንዱን ካንዴላ ፈታን፤ ጫፉ በቤንዚን ርሷል፤ ይህም ቤንዚኑ እንደ ደረሰ እሳቱ ግን እንዳልመጣ መሰከረ። ሌላ ደረቅ ካንዴላ ከሽቦው ጋር አገናኝቼ በሞተሩ ብረት ላይ አስደገፍሁት፤ ሽቦውን በእንጨት የልብስ መቆንጠጫ ያዝሁ፤ በባዶ እጅ የያዘው ሰው አንድ ጊዜ ከተማረ ሁለተኛ አይደግመውም። መሐንዲሱ አዞሩ። ብልጭታ የለም። ከቦቢናው የሚወጣውን ዋና ሽቦም እንዲሁ ፈተንን፤ ከዚያም የለም። እንግዲህ ጉድለቱ ከካንዴላዎቹና ከሽቦዎቻቸው በፊት፣ በቦቢናው ወይም ከቦቢናው በታች ነው። አራት ካንዴላ ከመግዛት ዳንን።

ቦቢና ሁለት ቀጭን ሽቦ አለው፤ አንዱ ከቁልፉ የሚመጣ፣ ሌላው ወደ ፑንቲናው የሚሄድ። ፑንቲና ማለት ሞተሩ በዞረ ቁጥር የሚገጥምና የሚለያይ የሁለት ጥቃቅን ብረቶች አፍ ነው። ሲገጥም ኮረንቲ በቦቢናው ውስጥ ያልፋል፤ ሲለያይ ይቋረጣል፤ በተቋረጠበት ቅጽበት ቦቢናው ብልጭታውን ይወልዳል። አንዲት ትንሽ አምፖል በሁለት ሽቦ አስረን አንዱን ጫፍ በሞተሩ ብረት፣ ሌላውን ከቁልፉ በሚመጣው በኩል ብናደርግ በራች፤ ስለዚህ ከቁልፉ ኮረንቲ ይደርሳል። ወደ ፑንቲናው በሚሄደው በኩል አድርገን ሞተሩን ስናዞር አምፖሏ ብልጭ ድርግም ማለት ነበረባት። ፑንቲናው ሲገጥም ትጠፋለች፣ ሲለያይ ትበራለች። እርሷ ግን ሳትጠፋ በርታ ቀረች። ይህ ፑንቲናው ቢነካካም እንኳ ኮረንቲ እንደማያሳልፍ የሚናገር ምልክት ነው። (በተቃራኒው ከቶ ባትበራ ኖሮ፣ ወይ ፑንቲናው ተጣብቋል ወይ ሽቦው ከአካሉ ጋር ተነካክቷል ወይም ቦቢናው በውስጡ ተቆርጧል ማለት ነበር።)

ይህን ስናይ ፊታቸው የተለወጠው መሐንዲሱ ናቸው። አልተደነቁም፤ እንደሚያውቁት ሰው አንገታቸውን ደፉ። ክዳኑን ክፈቱት ስላቸው ዝም አሉ። እኔ ዓረብኛዬ እንደ ጎደለ መስሎኝ እኅታችን እንድትደግመው ጠየቅኋት። እርሷ ግን ቀስ ብላ «አባ፣ እጃቸውን ይመልከቱ» አለችኝ። ተመለከትሁ። በኪሳቸው ከተውት የነበረው ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ዐርባ ዓመት የዚያችን መኪና ፑንቲና ሲያጸዱና ሲያስተካክሉ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ ነገሩ ፑንቲናው እንደሚሆን ከመጀመሪያው ጠርጥረው ነበር። ነገር ግን የፑንቲናውን ማሰሪያ ብሎን፣ ከስንዴ ቅንጣት ብዙ የማትበልጠውን፣ አሁን በዚያ እጅ መያዝ አይችሉም። ይህን ለልጆቻቸው መናገር አልፈለጉም፤ ለሠፈር መካኒክም አልፈለጉም። ባትሪ መግዛት ግን ይቻላል፤ ባትሪ ለመግዛት የማይንቀጠቀጥ እጅ አያሻም።

እኔም የራሴን መዝገብ አሰብሁ። ያን ጊዜ የመሬት ሽቦውን ያልመረመርሁት አላውቀው ብዬ አልነበረም፤ መኪናው ሥር በጭቃው ላይ በጀርባዬ መተኛት ስለ ነበረብኝ ነው።

ዓይኔ በመነጽርም ቢሆን ያን ያህል አይደለምና እኔም ብሎኗን ልያዝ አላልሁም። እኅታችን የቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ ቀረበች። «ይንገሩኝ፤ እኔ እሠራለሁ» አለቻቸው። ከዚህ በኋላ የእኔ ሥራ መብራት መያዝ ብቻ ሆነ። እርሳቸው በዓረብኛ ይናገራሉ፣ እርሷ ትሠራለች፤ እኔም ያልተረጎመችልኝን ከጣቶቿ አነበብሁ። ክዳኑን አነሣች። ሞተሩን በእጅ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ የፑንቲናው አፍ ሲከፈት አየነው፤ ሁለቱ ገጾች አመድ መልክ ይዘዋል። በቀጭን ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ እንድትነካው፣ ከዚያም ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመካከሉ አግብታ ደጋግማ እንድትስብ አዘዟት። ሞረዱ የሚተወው ብናኝና የጣት ቅባት ካልወጣ የጸዳ የሚመስለው ፑንቲና እንደ ገና ኮረንቲ ይከለክላልና። ወረቀቱ በመጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ቀጥሎ አፉ ፈጽሞ በተከፈተበት ቦታ ላይ ክፍተቱን መለካት ነበር። መሐንዲሱ በጨርቅ የተጠቀለለ የመለኪያ ስስ ብረት ከዕቃ ሣጥናቸው አወጡ፤ ስፋቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ ያነሰ መሆን አለበት። ብረቱ ሲገባ ጥቂት መያዝ አለበት፤ መጨነቅ የለበትም፤ ልቅም መሆን የለበትም። እርሷ «ያዘ» ስትል እርሳቸው ብረቱን በሁለት ጣታቸው ነክተው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ገና ነው» አሉ። ጣቱ ቢንቀጠቀጥም ልኩን አልረሳም። በሦስተኛው «ታማም» አሉና ብሎኗ ጠበቀች። አምፖሏን መልሰን ስናስር ብልጭ ድርግም አለች። ካንዴላውን ስንፈትን ሰማያዊ ብልጭታ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማነው፤ በዋቡም እልል ሊል ምንም አልቀረው።

ካንዴላዎቹ ርሰው ነበርና አራቱንም አውጥተን አደረቅን፤ ያለ እነርሱም ሞተሩን ጥቂት አዙረን ትርፉን ቤንዚን አስወጣን። ከመለስናቸው በኋላ መሐንዲሱ ገብተው የቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጠው ቁልፉን አዞሩ። አንድ ጊዜ አስነጠሰች። ሁለተኛ ጊዜ ግቢውን በነጭ ጭስ ሞልታ ተነሣች። ከሦስተኛ ፎቅ አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ ጮኸችብን፤ ማን እንደ ሆነ ስታይ ግን ሳቋን ለቀቀችው።

ማታሪያ ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። የሀብታሙን ሰፈር አልፋችሁ ወደ ጠባቡና ሰው ወደ በዛበት መንገድ ትገባላችሁ። መሐንዲሱ መሪውን በሁለት እጃቸው ሲይዙ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ዛፏ በቅጥር ውስጥ ናት፤ ሾላ ናት። ጥንታዊቱ እ.ኤ.አ. በ1656 እንደ ወደቀች፣ ያሁኗም ከእርሷ ቡቃያ እንደ መጣች ይነገራል፤ ግንዷ አግድም ተኝቶ በድጋፍ ቆሟል። አጠገቧ ጌታ አፈለቀው የሚባለው ምንጭ ጉድጓድ አለ። በዚህ ስፍራ በለሳን ይበቅል እንደ ነበረና ዘይቱም ለቅብዐ ሜሮን ይውል እንደ ነበረ በግንቦት 24 የስንክሳር ንባብ የሰማችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የበለሳኑ አትክልት ቦታ ግን ከጠፋ ቆይቷል። በጽጌ ወራት ማሕሌት ለቆመ ሰው ስፍራዪቱ ባዕድ አትሆንበትም።

በደጁ ስንደርስ መሐንዲሱ ሞተሩን አጠፉት። እኔ «አያጥፉት!» ብዬ ጮኽሁ፤ እኅታችን ተረጎመችላቸው። እርሳቸው ቁልፉን ኪሳቸው ከተው «ጠፍታ ካልተነሣችልኝማ አልተሠራችም» አሉ። እማሆይን በክንዳቸው ደግፈው ወደ ውስጥ ያስገቧቸው እርሳቸው ናቸው። እማሆይ ዛፏን በሁለት እጃቸው ዳሰሱ፤ ብዙ ጊዜም ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እጅዎ ቤንዚን ይሸታል አባ» አሉኝ። ታጥቤ ነበር፤ ግን እውነት ነው፣ ይሸት ነበር።

ስንመለስ ቁልፉ በተነካ ጊዜ ወዲያው ተነሣች።

ሮባ ቤክያው በቅዳሜ መጣ። መሐንዲሱ እግሩ የተሰበረ ወንበርና አንድ የማይሠራ ማራገቢያ ሰጡት። አሮጌውን ባትሪ ሊጨምርለት የነበረውን በዋብ ግን «እርሱ ደህና ነው» ብለው መለሱት።

እኅታችን አሁን በየአሥራ አምስቱ ቀን መኪናዋን አስነሥታ ሩብ ሰዓት እንደምታቆያት በስልክ ነግራኛለች። የመለኪያውን ስስ ብረት ለእርሷ ሰጥተዋታል። በመስከረም ካንዴላዎቹን ስትለውጥ አንዱ ጠንክሮባት፣ በኃይል ላዙረው ወይ? ብላ ጠየቀችኝ። ሞተሩ ጠዋት ሠርቶ ነበር ስትለኝ፣ የሞተሩ ራስ አልሙኒየም ስለ ሆነ በትኩሱ ከተገደደ ጥርሱ እንደሚላጥ ነግሬ እስኪነጋ ድረስ እንድታቀዘቅዘው አዘዝኋት። በማግሥቱ ያለ ችግር ተፈታላት።